የቦወኑ ዳቦ ጋጋሪ

ቦወን፣ ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ
ጁን 6 ቀን 1993

ውድ እህታችን አቪስ፣

ሰላምታችን ካለሽበት ይድረስሽ። የኮላክ ውርጭ ጉልበትሽን እንዳይዘው፣ ያ ክፉ ሳልም እንዲለቅሽ እሑድ እሑድ እጸልይልሻለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዘመድሽ ክላይቭ በፀሐይ ከመጥቆሩ የተነሣ እናቶቻችሁ የአክስት ልጆች መሆናቸውን ብትምዪ እንኳ የሚያምንሽ የለም።

ቤታችንን ሸጠን የጡረታ ዘመናችንን ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት ቤት፣ እየጎተትን በባሕር ዳርቻ ልናሳልፍ ነው ስንልሽ «እንደ ዘላን» ያልሽን አልረሳሁም። ዘላን መሆን ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ጠዋት ክላይቭ የመጸዳጃውን ሳጥን ይዞ ሊደፋ ይወጣል፤ ግን መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ ስለ ዓሣ ሳይጠይቅ አያልፍም፣ ሳጥኑን እንደያዘ! እኔ ልብስ ማጠቢያው ጋ ወረፋ እይዛለሁ። አሸዋው አልጋችን ውስጥ ነው፣ ቅቤያችን ውስጥ ነው፣ አንዳንዴም ጥርሳችን መሀል ነው። ጨዋማው ነፋስ የበሩን ማጠፊያ በልቶ ጨርሶታል። ትዳራችንን የሚፈታተነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካራቫኑን ወደ ኋላ ማስገባት። እኔ ከኋላ ቆሜ እጄን አወናጭፋለሁ፣ እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ግራ ስትዪ ያንቺን ግራ ነው የኔን?» እያለ ይጮኻል፣ የሰፈርንበት ካምፕ በሙሉ ወንበሩን አውጥቶ ያየናል።

ከሰዓት አሥር ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ወንበራችንን ክብ አድርገን ቢራችንን እንከፍታለን። ሮይ የሚባል ጡረታ የወጣ ሥጋ ሻጭ አለ፣ የካምፑ ንጉሥ እሱ ነው። ሰሞኑን አንድ መጫወቻ አግኝተናል። ዋሊ ይባላል። ከቆሻሻ ገንዳው ጎን፣ ዝገት በበላው ካራቫን ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ምላሱ ይያዛል፣ ምስኪን፤ «ደኅና ዋላችሁ» ሊል ጀምሮ እስኪጨርስ ሰው ብርጭቆውን ያጋምሳል። ሮይ ደግሞ «አትቸኩል ዋሊ፣ እስከ ገና እዚህ ነን!» ይለዋል። በወጣትነቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር አሉ፣ እዚያው እናንተ አገር ቪክቶሪያ። ከጆሮው ሥር የምድጃ ጠባሳ አለው። ወንበሩን ይዞ ይመጣና ከክቡ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ማንም ጠጋ በል አይለው፣ ማንም ሂድ አይለው።

እጄ ደከመ። ክረምቱን በሰላም ያሻግርሽ።

ሜርል

*

ኮላክ፣ ቪክቶሪያ
ጁን 14 ቀን 1993

ውድ ሜርል፣

የጌታ ሰላም በምትጎትቱት ቤት ላይ ይሁን። እኔ ደኅና ነኝ። ለመበለት ክረምት ረጅም ነው፣ ግን ለምጄዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እኔ ቤት ተሰብስበው ይሰፋሉ፤ ለሚሲዮኑ ሃያ ብርድ ልብስ ልናደርስ ነው። ባለፈው ሳምንት ቄሱ ስለ ባለቤቴ ነፍስ አብረውኝ ጸለዩ።

ስለ ክላይቭ መጸዳጃ ሳጥን ባትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ደብዳቤሽን እየበላሁ ነበር ያነበብኩት።

ያ ተንተባታቢ ሰው ግን አሳቀኝ። ስለ እሱ ጻፊልኝ። ጠባሳው በቀኝ ነው በግራ? ዋሊ ማን ነው የሚባለው? ምግቡን ከመብላቱ በፊት ያሸተዋል? እንዳትጠይቂው። ዝም ብለሽ አይተሽ ጻፊልኝ። ሰው ብቻውን ሲኖር እንዲህ ያለ ጥቃቅን ወሬ ያጫውተዋል።

መልስሽን አታዘግዪ። ጌታ ከድንገተኛ ይጠብቃችሁ።

አቪስ

*

ቦወን
ጁን 27 ቀን 1993

ውድ አቪስ፣

ደብዳቤዬ በደረሰሽ ሳምንት ሳይሞላ መልስ ስትልኪልኝ ይህ የመጀመሪያሽ ነው! ክላይቭ «ታማለች እንዴ?» አለ። ጤናሽ ሙሉ፣ ቤትሽ ሙቅ ይሁን።

ጠባሳው በግራ ነው። ስሙ ዋሊ ፕሪቼት ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ አየሁት። ምግብ ማሽተቱን እንዴት አወቅሽ? እንደ ውሻ ነው የሚያሸተው! ሮይ ዓሣ ጠብሶ በሰሃን ሲሰጠው አፍንጫውን ሰሃኑ ላይ ደፍቶ ዓይኑን ጨፈነ፣ እኛም ለመሳቅ ምክንያት አገኘን።

ባለፈው ረቡዕ በብረት ድስት ፍም ላይ ዳቦ ጋግሮ አመጣልን። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ያለ ዳቦ በልቼ አላውቅም። ዝም ብለን እስከ ፍርፋሪው በላነው። ሲያልቅ ሮይ አፉን ጠረገና «ጥሩ ነው ዋሊ፣ ጨው ግን ረስተሃል» አለው። ጨው አልረሳም። ሰውዬው ግን ቅር ብሎት አደረ፤ በማግስቱ ሌላ ጋግሮ መጣ። ሮይ ቀመሰና «አሁን ደግሞ በዛ» አለ። ሦስተኛ ቀን ጋገረ። እኛ ሳምንቱን ሙሉ ትኩስ ዳቦ በላን።

የቅዳሜውን ቢንጎ ሳልነግርሽ አላልፍም። ሮይ ተነሥቶ «ዛሬ ቁጥር የሚጠራልን ክቡር ዋሊ ነው!» አለ። ሁላችን አጨበጨብን። ዋሊ ፊቱ ቀላ፣ ከደስታ የተነሣ እንጂ ከሌላ እንዳይመስልሽ፤ ወደ ክቡ ሲጠሩት ገና የመጀመሪያው ነው። ሮይ ቀድሞ ከረጢቱን አራግፎ ሰባ ምናምን፣ ስድሳ ምናምን የሚል ቁጥር ያለባቸውን ኳሶች ብቻ መልሶ ከትቶበት ነበር። ምላሱ በጣም የሚያዝበት «ሰ» ላይ ነው። «ሰ—ሰ—ሰ—» ይላል፣ አንዷ ሴትዮ ከኋላ «እባብ!» ብላ ትጮኻለች። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ መጸዳጃ ሮጥኩ። እሱም አብሮን ይስቃል፣ ሞኝ።

ሚስቱ በወሊድ ሞታለች ይላል። ደግ ሴት ነበረች አለኝ። ይህን ለመናገር የፈጀበትን ጊዜ አልነግርሽም።

ደኅና ሁኚልኝ።

ሜርል

*

ኮላክ
ጁላይ 19 ቀን 1993

ውድ ሜርል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። መልስ ያዘገየሁት ስለታመምኩ አይደለም። ወረቀቱን አወጣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ፤ እንዲሁ ነበርኩ።

ደግ ሴት ነበረች አለ?

እኛ አገር የዳቦ ጋጋሪዎች ቀልድ አለ፤ ያረጀ ቀልድ ነው፣ አንቺ አታውቂውም። በሚቀጥለው ቢንጎ ቁጥር ሲጠራ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «ዋሊ፣ ዳቦውን ከምድጃ ማን ያውጣው?» በይው። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ፊቱ እንዴት እንደሚሆን በደንብ እዪልኝና ጻፊልኝ። እጁንም እዪው። ሌሊቱን መብራቱ በርቶ አድሮ እንደሆነም ንገሪኝ።

ይህችን ብቻ አድርጊልኝ። በየገናው ካርድ ስልክልሽ አንድ ቀን እንኳ ውለታ ጠይቄሽ አላውቅም።

ጌታ ይባርክሽ።

አቪስ

*

ቦወን
ኦገስት 2 ቀን 1993

ውድ አቪስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? መበለት ብዬ ልጥራሽ ወይስ ሌላ ስም አለሽ?

እንዳልሽው አደረግሁ። ዋሊ ስድሳ ስድስትን ለማውጣት እየታገለ ሳለ ተነሥቼ «ዋሊ፣ ዳቦውን ከምድጃ ማን ያውጣው?» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ ቀልዱ ምን እንደሆነ ባያውቅም ሳቀ። ከረጢቱ ከእጁ ወደቀ። ኳሶቹ ሣሩ ላይ ተበተኑ። ተንበርክኮ ከየወንበሩ ሥር ይለቅማቸው ጀመር፣ እኛም እግራችንን እያነሣን አሳለፍነው። ሮይ አንዱን ኳስ በጫማው ረግጦ ደበቀበት። መብራቱ? አዎ፣ በርቶ አደረ።

ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ተላጭቶ፣ ከረባት አስሮ! እዚህ ካምፕ ከረባት ያሰረ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ማ—ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«አንዲት ዘመዳችን» አልኩት።

«አ—አ—» ብሎ ቀረ። እኔ ቆሜ ጠበቅሁት። ክላይቭ ከውስጥ ጥርሱን እየፋቀ «አቪስ ልትል ነው?» ብሎ ጮኸ።

ሰውዬው ደረጃችን ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሁሉን አወጣው። ባልሽ ነው ለካ! አሥራ ሦስት ዓመት በየካርዱ «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና» እያልሽ ስትጽፊልኝ፣ እኔም እያነበብኩ ከንፈሬን ስመጥ! ክላይቭማ አንዴ አበባ ልኮልሽ ነበር። ዋሊ ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ንጋት ዳቦውን ከምድጃ ላውጣ ብሎሽ ወጥቶ በዚያው እንደቀረ ነገረኝ።

«ለምን ሄድክ?» አልኩት።

«ልናገር አፌን ስከፍት እ—እህቶቿን ትጠራ ነበር» አለኝ። «‹ኑ፣ ዋሊ ሊናገር ነው› ትላቸዋለች። ወ—ወንበር ይዘው ይመጡ ነበር።»

አልፈርድብሽም። እኛም ወንበር ይዘን ነው የምንመጣው።

ቀጥሎ ያለው ግን ይብሳል። ሲሄድ ነፍሰ ጡር ነበርሽ አለ። «ምን ወ—ወለደች?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዓይኑን ብታዪው! ልጅ እንደሌለሽ አውቃለሁ። ግን እዚያ ተቀምጦ እንደ ውሻ ቀና ብሎ ሲያየኝ አፌ ላይ የመጣውን አልኩት፤ «ወንድ። ጎበዝ ልጅ ነው አሉ።» ክላይቭ የጥርስ ቡርሹን ዋጠ ብልሽ ይቀላል። ዋሊ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። ከዚያ አድራሻሽን ጠየቀኝ። በባልና በሚስት መሀል የምገባ እኔ ማን ነኝና ሰጠሁት።

በእኛ አፍ የላክሽበት ቃል ሰውየውን ለማስደንገጥ ይመስለኛል። እሱ ግን ጥሪ ነው ብሎ ነው የወሰደው። «አልረሳችኝም» እያለ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሽቦና ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ። ካምፑ በሙሉ ወጥቶ እጁን አወዛወዘለት። መኪናው አሮጌ ነው፣ ግን እስከ ወሩ አጋማሽ ደጅሽ ይደርሳል።

እንግዳ ተቀባይ ያድርግሽ።

ሜርል

*

ካርድዌል፣ ኩዊንስላንድ
ኦገስት 29 ቀን 1993

ውድ አቪስ፣

በሕይወት አለሽ ወይ? ወደ ሰሜን ትንሽ ገፍተናል፤ አድራሻው ከላይ አለልሽ። ሮይም ተከትሎን መጥቷል። እዚህ የአሸዋ ዝንቡ ሰው አያስቀምጥም፣ እግሬ በእከክ ብዛት የተላጠ ድንች መስሏል።

ደርሷል? ምን አልሽው? ክቡ ላይ ሌላ ወሬ የለም። ሮይ «በር ዘግታበታለች» ብሎ አንድ ካርቶን ቢራ አስይዟል። ክላይቭ «ታርቀዋል፣ ዳቦ እየጋገረላት ነው» ብሏል። እኔ ያሲያዝኩትን አልነግርሽም። እባክሽ ሁለት መስመር እንኳ ጻፊልኝ፤ ስትለምኚኝ አላሳፈርኩሽም።

ሜርል

*

ኮላክ
ሴፕቴምበር 12 ቀን 1993

ሜርል፣

ሰላም ልበልሽና ልጀምር፣ ልማድ ነውና።

ሐሙስ ቀን ነው የመጣው፣ ሴቶቹ ሲሰፉ። ያ የዛገ ካራቫኑ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ሴቶቹ መርፌያቸውን እንደያዙ መስኮቱ ላይ ተደረደሩ። «የባለቤቴ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው» አልኳቸውና ብቻዬን ወጣሁ። የግቢውን በር አልከፈትኩለትም። በፍርግርጉ መሀል ቆመን ተያየን። ሸምግሏል። ያ ያልሽው ከረባት አንገቱ ላይ ነበር። በእጁ አዲስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዟል፣ ሪባን የታሰረበት። ለልጁ።

«ል—ል—» ማለት ጀመረ። ገና በመጀመሪያው ድምፅ ቃሉን አውቄዋለሁ። ልጨርስለት እችል ነበር። አልጨረስኩለትም። ላቡ በጠባሳው ላይ እየወረደ እስኪያወጣው ድረስ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ሴቶቹ መስኮቱ ላይ ናቸው፤ ቀሚሴን አስተካከልኩ።

አሁን እውነቱን ስሚ፣ ሌላ ቀን አልደግመውም። ሴት ነበረች። ሳትተነፍስ ወጣች። ቴራንግ ከተማ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ቀበሯት፤ ስም አላወጡላትም፣ እኔም አላወጣሁላትም። ይህንን ፊቱ ላይ የምወረውርበትን ቀን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። ዕቃ ሳጥብ፣ ስሰፋ፣ ቄሱ ስለ ነፍሱ ሲጸልዩ፣ ቃሉን እየመረጥኩ ነበር።

«ልጄ» ሲል ግን ፊቱ በራ። ያኔ ገባኝ። እውነቱን ብነግረው ያለቅሳል፣ መቃብሩን አሳዪኝ ይላል፣ አበባ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ያርፋል። እኔ አላረፍኩም። እሱ ለምን ይረፍ?

አንቺ ወንድ ልጅ ሰጠሽው፤ እኔ ስም አወጣሁለት። «ኮሊን ይባላል» አልኩት። «ካራቫን አለው፣ ነጭ፣ ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ያለው። ባሕር ዳር ለባሕር ዳር እየዞረ ዓሣ ያጠምዳል። አድራሻ የለውም። አንድ ቦታ ከሳምንት በላይ አይቀመጥም።» በጥሞና ሰማኝ፣ ከንፈሩ እኔ የምለውን ይደግም ነበር። ከዚያ ያላሰብኩትን ጨመርኩ። «አይጠላህም» አልኩት።

በፍርግርጉ አሳልፎ እጄን ይዞ ሳመኝ። አልነጠቅሁትም፣ ሴቶቹ ያያሉ። ሲሄድ መታጠፊያው ላይ ካራቫኑን ወደ ኋላ ለመመለስ ብዙ ታገለ። ማንም አልመራውም። በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ዞረ። ተመልሼ ገብቼ የጀመርኩትን ጠርዝ ጨረስኩ። አንዷ «ምን ፈልጎ ነው?» አለችኝ። «መንገድ ጠፍቶበት» አልኳት።

የዚህ አገር ባሕር ዳርቻ ዙሪያ ነው ሜርል። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ጀምሮ የሚጨርሰው ሰው የሚደርሰው የጀመረበት ነው። አንድ ቦታ ብታገኙት «ትናንት እዚህ ነበር፣ ወደፊት ሄደ» በሉት። ለጓደኞቻችሁም ንገሯቸው፣ ቀልድ ይወዳሉ ብለሽኛል። ስለ መበለትነቴ ደግሞ ለዘመድ ትንፍሽ ብትዪ፣ ወንድ ተወለደ ብሎ የዋሸው ማን እንደሆነ እኔም ለዘመድ እጽፋለሁ።

ለሮይ ንገሪው፤ በር ዘግታበታለች ያለው ልክ ነው፤ ቢራውን ይውሰድ።

አቪስ

*

ካርነርቮን፣ ምዕራብ አውስትራሊያ
ጁላይ 3 ቀን 1994

ውድ እህቴ አቪስ፣

እንደምን ከረምሽ? ሙቀቱ ለእኛ፣ ጤናው ለአንቺ ይሁን። ረጅም ጊዜ ሳልጽፍልሽ ቀረሁ፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። በደቡብ በኩል ዞረን፣ ያንን ዛፍ የሌለበት ሜዳ አቋርጠን፣ እዚህ ከደረስን ወር ሆነን። ሙዙ ጣፋጭ ነው። ክላይቭ ጀርባው ስለተያዘ መጸዳጃውን የምደፋው እኔ ነኝ፣ ይህንን እንኳ አንብቢልኝ።

ማክሰኞ ዕለት ዋሊ መጣ። ከስቷል። ከረባቱን አሁንም ያስራል። መኪናውን ከማቆሙ በፊት በየካራቫኑ እየዞረ ጎን ጎናቸውን አየ። ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል። ታሪኩ ከካምፕ ወደ ካምፕ ከእሱ ቀድሞ ነው የሚሄደው። አንዲት ሴትዮ ከልብስ ማጠቢያው ሆና «ኮሊን? ትናንት ነው የወጣው! ትልቅ ዓሣ ይዞ ነበር!» አለችው፣ ከዚያ ፎጣዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። አንዱ ደግሞ «ቁርጥ አንተን ነው የሚመስለው» አለው። ይህን ሲሰማ ጠባሳውን ዳበሰ።

እኔ ጋ መጣ። አወቀኝ፣ አቀፈኝ። አፌን ከፍቼ ነበር አቪስ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ክላይቭ ከወንበሩ ሆኖ ቀደመኝና «ትናንት አይደለም፣ ዛሬ ጠዋት ነው የወጣው፣ ወደ ብሩም» አለው። ዋሊ የክላይቭን እጅ ይዞ ነቀነቀ፣ ነቀነቀ፣ አልለቅም አለ። «ሊ—ሊደርስ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ክላይቭን «ለምን?» ብለው «ተዪው፣ ደስተኛ ነው» አለኝ። ምን ልበልሽ፣ እውነቱን ነው። እንዲህ ደስተኛ ሰው በዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ አላየሁም።

ሳይበላ ተነሣ። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን አውርዶ ላንቺ መልእክት አለኝ አለ። ጀመረ። ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ይጮኽ ስለነበር ሄጄ አወረድኩት፣ ሻዩን ቀዳሁ፣ ለክላይቭ ሰጠሁት፣ ስመለስ ገና እዚያው ቃል ላይ ነበር።

«አመሰግናለሁ» ነው ያለው። አድርሺልኝ ብሎ አደራ ስላለኝ፣ ይኸው አደረስኩ።

ዕድሜሽን ያርዝመው።

ሜርል